በስልክ ታስሬ ሰነበትኩ

ለቡ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሞልቱ ሂርጳ
ኩዌት

ልጄ ሞልቱ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ሙቀቱ፣ ሥራው፣ የአሠሪዎችሽ ፊት እንዴት ይዞሻል? እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ያመኛል፣ ጥርሴ አልቋል፣ ምላሴ ግን ሙሉ ነው። ይህን የምትጽፍልኝ ሲሃም ናት፤ በሩ አጠገብ ያለውን ክፍል ተከራይታ ፎቶ ኮፒ የምታነሣዋ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለገባች አታውቂያትም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ንግግሬን አታሳምሪብኝ ብያታለሁ። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ሳደርግ ብቻ እንድታርም ፈቅጄላታለሁ። በልጅነትሽ «አባዬ፣ ሴት ነኝ እኮ! ና አትበለኝ፣ ነይ በለኝ» እያልሽ ትስቂብኝ አልነበር? ዛሬም ያው ነኝ። ኦሮምኛዬ አማርኛዬን እንዳሻው ያደርገዋል።

ደብዳቤውን ይዛልሽ የምትመጣው የጎረቤታችን የአህመድ ልጅ ሪሐና ናት። በፈቃድ መጥታ ነበር፣ ማክሰኞ ትመለሳለች። ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደውለሽልኝ አታውቂም። በየወሩ ገንዘብ ትልኪያለሽ፣ ድምፅሽን ግን አትልኪም። እኔም ልመና አልወድም። አሁን ደግሞ ከስልክ ጋር ተጣልቻለሁ። ምክንያቱን ስሚ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት ላሚቱን አብልቼ ስገባ ስልኩ ጮኸ።

«አቶ ሂርጳ ሁንዴሳ ነዎት?» አለኝ አንድ ሰው። ጨዋ ድምፅ ነው።

«ነኝ።»

«መርማሪ ግዛው እባላለሁ። የምደውለው ከመንግሥት ነው፣ ከመሬት ምርመራ። የጣት አሻራዎ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ ተገኝቷል።»

ሞልቱ፣ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። የትኛው ሰነድ ብዬ አልጠየቅኩትም። «ከሳሼ ማን ነው?» አልኩት።

«እርስዎ ያውቁታል።»

«ልጄ ነው?»

«አዎ፣ ልጅዎ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ልብ በይ። ሰውየው በእጁ የነበረው ስሜ ብቻ ነው። በዚህ በእኛ ሰፈር መሬቱ ሲወሰድ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያልፈረመ ሽማግሌ የለም፤ ለማንም ቢደውል ይህንኑ ብሎ ያስደነግጠው ነበር። ክሱን ያመንኩት እኔ፣ ከሳሹን ጠርቼ የሰጠሁት እኔ። ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያኔ እንዲያውም ክብር የሰጠኝ መስሎኛል። መንግሥት ሰው ሲፈልግ መጥሪያ ወረቀት ይልካል፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም። ለኔ አስበው ነው በቃል የጠሩኝ አልኩ። ይህን የሚያህል ቂል አባት አለሽ።

«ከአሁን ጀምሮ በቁም እስር ላይ ነዎት» አለኝ። «ከግቢዎ አይወጡም። ምርመራው ምስጢር ስለሆነ ለማንም አይናገሩም። ስልክዎ እንዳይዘጋ። በየሁለት ሰዓቱ ስደውል ‹አለሁ› ይላሉ።»

እኔ ሂርጳ፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሰባት ወር አስሮኝ የአንድ ሰው ስም ከአፌ ያላወጣሁት፣ በስልክ ታሰርኩ። በዚያን ጊዜ እንኳ ጠባቂ ነበረኝ፣ ስንቅ የምታመጣ እናትሽም ነበረች። እዚህ እስረኛውም እኔ፣ ዘበኛውም እኔ፣ ስንቅ አቀባዩም እኔ። ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቼ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ሽንት ቤት ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ። ሲጮህ «አለሁ» እላለሁ። «ጎሽ፣ አባባ» ይለኛል፣ እንደ ሕፃን።

ማክሰኞ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛሉ አለኝ፤ ምርመራው ሲያልቅ ይመለሳል። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ለገንዘብ መቀበያ ስልኬ ላይ ያስገባሽልኝን የምስጢር ቁጥር ጠየቀኝ፣ የተወለድሽበትን ዓመት። ፊደል ባልቆጥርም ቁጥር አውቃለሁ። አንድ በአንድ ጠራሁለት። ቀጥሎ መልእክት ይገባልዎታል፣ እሱ ላይ ያለውንም ቁጥር ይንገሩኝ አለ። ነገርኩት። ለቤቱ ጣሪያ ማደሻ ብዬ ሳልነካው ያስቀመጥኩት፣ የላክሽው ሁሉ ሄደ። ስንት እንደሆነ ሲሃም ታውቃለች፤ እንዳትጽፈው ከልክያታለሁ። በሰው አገር የሠራሽውን በአፌ ለሌባ አስረከብኩት። ይህን በዙሪያ ጥምጥም አልነግርሽም።

በሬን ዘግቼ ስውል ሲሃም መጥታ አንኳኳች። «አባባ ሂርጳ፣ ደህና ነዎት?»

«ኪራይሽን ክፈይና ዝም በይ!»

«ከፍያለሁ እኮ!»

«እንግዲያው በነፃ ዝም በይ!»

አሁን ይህን ስትጽፍ ትስቃለች። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ እንደቆየች ጥላዋን አይቻለሁ።

ረቡዕ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩ። በንቲ ሞቷል። በንቲን ታውቂዋለሽ፤ ከለቡ ሜዳ ላይ ሕንፃ ሳይበቅል አብሮኝ ያረሰው፣ አንቺን በትከሻው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሮጠው። ሰውየው ሲደውል ለመንኩት። እኔ ለመንኩ፣ ሞልቱ።

«ለቀብር ሁለት ሰዓት ስጠኝ። ካላመንከኝ ወታደር ላክና አጅቦ ይውሰደኝ። እናቴ ስትሞት ቀበሌው እንኳ በዘበኛ አጅቦ ልኮኛል።»

«አይፈቀድም» አለኝ። «ከበር ከወጡ ልጅዎም ይታሰራል።»

መንግሥት እጁ ኩዌት ድረስ የሚረዝም መሰለኝ። የሰው ቤት መሐል እጅሽን ሲይዙሽ ታየኝ። ተቀመጥኩ።

ከቀትር በኋላ አስከሬኑ በእኛ በር አለፈ። በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ አየሁት። ሰልፉ ቆመ። «ሂርጳ! ኧረ ሂርጳ!» ብለው በሬን ደበደቡ። አንዱ «ታሞ ይሆናል» አለ፣ ሌላው «ላሚቱ ስትጮኽ ይሰማል፣ እሱ አለ» አለ። ላሚቱ የምትጮኸው ሣር ላመጣላት ስላልወጣሁ ነው። አፌን በጋቢዬ ይዤ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሄዱ። በንቲን ያለ እኔ ቀበሩት።

ሐሙስ ጠዋት ደውሎ ሰው እልካለሁ፣ የቤቱን ካርታ ያስረክቡት አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። ቤቱ የከሳሹ ይሁን፣ ይገባዋል አልኩ በልቤ። ግን አንድ ነገር ፈለግኩ።

«ካርታውን ከመስጠቴ በፊት ከልጄ ጋር አገናኘኝ።»

«ይኸው አጠገቤ ነው» አለና ሌላ ሰው ገባ። ያለቅሳል። «አባዬ፣ ካርታውን ስጣቸው! በናትህ ስጣቸው!»

«ሞልቱ ነህ?» አልኩት። ሲሃም፣ ይህን እንዳታርሚው፣ እንዳልኩት ጻፊው።

«አዎ አባዬ፣ ሞልቱ ነኝ!» አለ፣ በዚያ በጎርናና ድምፁ።

አራት ቀን ሙሉ ያልመጣ ሳቅ አመለጠኝ። «ሞልቱ፣ ኩዌት ጢም አበቀለብህ እንዴ?» አልኩት። «መርማሪውን አምጣልኝ» አልኩ። መጣ። «አንተ ሌባ፣ ሞልቱ ሴት ናት። የእኔን አማርኛ ሰምተህ ነው ልጄን ወንድ ያደረግካት። እኔስ ፊደል አላውቅም፣ አንተ ምን ነካህ?»

«ዝም በል፣ አንተ ደደብ ሽማግሌ!» አለና ዘጋው። ስድቡ ከዚያ ሁሉ «እርስዎ» ይልቅ ደስ አለኝ። በሩን ከፍቼ ሲሃምን ጠራኋት። ነገርኳት።

ወረዳ ይዛኝ ሄደች። እዚያ ያለችው ሴትዮ «አባባ፣ እኛ ማንንም በስልክ አናስርም፣ የምስጢር ቁጥርም አንጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰው ሲደውል ዘግተው እዚህ በአካል ይምጡ» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያም አመለከትን፣ የሆነውን ሁሉ መዘገቡ። የስልኩን ምስጢር ቁጥርም አስቀየርን። አንቺም እዚያ ሆነሽ ከኤምባሲ ነኝ፣ ከፖሊስ ነኝ የሚል ቢደውልብሽ ስም አትጥሪለት፣ ቁጥር አትንገሪው፤ ዘግተሽ በእግርሽ ሄደሽ ጠይቂ።

ሲሃም ለእድሩ ሰዎች ይናገሩ፣ ሌላ ሽማግሌ እንዳይያዝ አለችኝ። ልክ ናት። በማግስቱ በንቲ ቤት ድንኳን ገባሁ። ሚስቱ ገዲሴ ቀና ብላ አይታኝ «አንተ አለህ እንዴ? አብራችሁ የሞታችሁ መስሎን ነበር» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር «ስለ ምን ሰነድ ነው ያመንከው?» ይሉኛል። «አሞኝ ነበር» አልኩ። ከዚያ ወዲህ እድርም አልሄድኩ፣ ከበርም ብዙ አልወጣም። ያሰረኝ ሰውዬ ከዘጋ አሥር ቀን ሆኖታል፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ።

አሁን ሰነዱን ልንገርሽ። መሬታችን ሲወሰድ ለገበሬው ልጆች ምትክ ቦታ ይሰጥ ነበር። «ከቦና በቀር ልጅ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ፊደል ስለማላውቅ ነው ብልሽ ታምኚኝ ይሆናል። ግን ተነቦልኛል፣ ሁለት ጊዜ። ሰምቼ ነው የፈረምኩት። ሴት ልጅ ወደ ባሏ ትሄዳለች፣ ቦታው በወንድሟ ስም ይሁን አልኩ። ወንድምሽ ቦና ሸጠው፣ የት እንዳለም አላውቅም። አንቺ ሳትነግሪኝ ሻንጣሽን የያዝሽው ያን ወረቀት አይተሽ እንደሆነ ጠርጥሬ ነበር፤ አልጠየቅኩሽም። ለዚህ ነው ሰውየው «ልጅዎ ነው» ሲለኝ ያመንኩት። ውሸታሙ እሱ ነው እንጂ ክሱ ውሸት አልነበረም። ይቅር በይኝ አልልሽም፣ ሲሃም ይበሉ እያለችኝ ነው፣ አልልም። ፈርሜብሻለሁ። ይኸው አወቅሽ። ካርታው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ስትመጪ ወረዳ አብረን ሄደን በስምሽ ይሆናል።

ይህን ሳስጽፍ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሲሃም አየችውና «አባባ፣ ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የውጭ ነው» አለችኝ። ሪሐና ከዚሁ ሆና ስልክ ቁጥሬን ልትልክልሽ አስባ ነበር፣ የድሮው ጠፍቶባት ይሆናል ብላ። አላነሣሁትም። ሲሃም ልታነሣው እጇን ስትዘረጋ ያዝኳት። ውሸታሙ ቢሆን አልፈራውም፣ የምለውን አውቃለሁ። አንቺ ብትሆኚ ነው የፈራሁት።

በይ ልጄ። የገባሽበት በር በጤና ያስወጣሽ። የምታገለግያቸው ሰዎች ስምሽን በደህና ይጥሩሽ። እናትሽ በምድር ያልጠገበችውን ዕድሜ እግዚአብሔር ለአንቺ ይጨምርልሽ። የእኔ ክፉ ከእኔ ጋር ይቅር፣ አይከተልሽ።

ደብዳቤው ደርሶሽ ስታነቢው እንደገና ደውዪ። አነሣዋለሁ ብዬ አልምልልሽም። ግን ይጩኽ።

አባትሽ
ሂርጳ ሁንዴሳ