የእማዬ አራት ደቂቃ

የካቲት 2፣ እሑድ

እኔ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ጤናማ በሆነ አእምሮዬና በሙሉ ፈቃዴ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በዚህ ደብተር ፊት የሚከተለውን እናዘዛለሁ። የጥርስ ሐኪሙን መጠጥ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ሁሉንም አይደለም... ሦስት አራተኛውን። ስኳር፣ ጨውና ሎሚ በሚዛን ለክቶ ይቀምምና "ከአሥራ አምስተኛው ኪሎሜትር በፊት እንዳትሰጪኝ" ብሎ ብስክሌቴ ላይ ያስረዋል። ጠጣሁና በቧንቧ ውሃ ሞላሁለት። ተቀበለኝ። ጠጣ። ዓይኑን ጨፈነ። "ይኸው፣ ደም ሥሬ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል" አለ።

ምን ይባላል? ሎሚው ጥሩ ነበር።

ሯጮቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ሐኪሙ፤ በሥራው የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላል፣ እሑድ ደግሞ የራሱን መዝጋት ያቅተዋል። ሁለተኛው ጋሽ መምህር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ዳገት ሲያዩ ከመውጣታቸው በፊት አፈጣጠሩን የሚያስረዱ። ሦስተኛዋ እማዬ፣ ልብስ ሰፊ። ሦስቱም መጋቢት መጨረሻ ላይ ላለው ማራቶን ነው የሚዘጋጁት።

እኔ በብስክሌት ፊት ፊት እሄዳለሁ። ውሃ እይዛለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ኪሎሜትሩን ከቆጣሪዬ አነባለሁ። የዕለቱ ርቀት ግማሽ ላይ ስደርስ ቆሜ እጄን አነሳለሁ፤ እነሱ ይዞራሉ። "ዳኛዋ" ይሉኛል። ማዕረግ ነው።

ሲመለሱ እማዬ ሱቅ ይቀመጡና "ልምድ ልውውጥ" ይጀመራል። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ። መሐል መግባት ክልክል ነው። ባለፈው ሐኪሙ አምስቱንም ደቂቃ ስለ አንድ የእግር ጥፍሩ ብቻ አወራ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እማዬ የሆቴል አስተናጋጆች ሱሪ እየሰፋች ነው። አሥራ ሁለት ሱሪ፣ አሥራ ሁለት ዓይነት ወገብ። እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ትርፍ ክር እለቅማለሁ።

ዛሬ ራሷ አነሳችው፤ ያለፈውን ዓመት ውድድር። ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ ስድስት ሰዓት ነው። ከኋላ አንድ አውቶቡስ ቀስ እያለ ይመጣል፤ እሱ የደረሰበት ሰው በስድስት ሰዓት አይጨርስም ማለት ነው፣ ይነሳል። ሯጮቹ "ጠራጊው" ይሉታል። እማዬን ሠላሳ ሦስተኛው ኪሎሜትር ላይ ደረሰባት። ሹፌሩ በሩን ከፈተና "ይግቡ እናቴ" አላት።

"ለምን ገባሽ ታዲያ?"

"እናቴ ሲለኝ ምን ልበለው?"

ሙዝ ከሚበላ ሰው ጎን ተቀምጣ መጣች። ሁለት ቀን ሙሉ አልተናገረችም። እኔ ያኔ ቀልጄባት ነበር... ብትስቅ ይቀላታል ብዬ። አልሳቀችም።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ሃያ አምስት ዓመት የሰው ልብስ ስጨርስ ኖርኩ" አለች። "አንድ የራሴን ነገር ልጨርስ። ዘንድሮ ካልሆነ በቃኝ። ጫማውን ለአክስትሽ እሰጣለሁ።"

አክስቴ እንኳን ማራቶን፣ ታክሲ ሲያመልጣትም አትሮጥም።

የካቲት 16፣ እሑድ

ሃያ ስምንት ኪሎሜትር። እማዬ አንዱን ኪሎሜትር በስምንት ደቂቃ። እንደ ስፌት መኪናዋ፣ ዝንፍ የለም።

ጋሽ መምህር የእማዬ የደንበኛ ልክ መጻፊያ ወረቀት ላይ ለማራቶኑ አርባ ሁለት ኪሎሜትር አባዙና የፈተና ውጤት እንደሚያነቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አምስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት። ትርፍ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ።" እማዬ አራት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች ፈገግ አለች።

ሐኪሙ በተራው ስለ "ግድግዳው" አወራ። ሠላሳኛው ኪሎሜትር ላይ የሰው ጉልበት ድንገት ሙልጭ ብሎ ያልቃል፣ ግድግዳ እንደመታው ሰው ይሆናል ይላሉ። "እኔ ግን ግድግዳ የሚባል ነገር አላየሁም" አለ። ጋሽ መምህር መሐል መግባት ስለማይቻል ተራቸውን ጠበቁ፦ "ሃያ ስምንት ሮጦ የተመለሰ ሰው ሠላሳኛው ላይ ያለውን በምን ያየዋል?"

የካቲት 17

ሐኪሙ አኩርፏል። እስከ እሑድ ይለቀዋል።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ጎማዬ ተንፍሶ ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ጎማውን ለጥፎ ሲጨርስ ቆጣሪውን ነካካ።

"ይሄ ያንቺ ነው?"

"የወንድሜ ብስክሌት ላይ የነበረ ነው። ሲሸጠው ፈትቼ አስቀረሁት።"

"ገብቶኛል። ቆጣሪው በሃያ ስምንት ኢንች ጎማ ልክ ነው የተሞላው። ያንቺ ሃያ ስድስት ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ትንሿ ጎማሽ አንዴ ስትዞር እሱ ትልቁ የዞረ ይመስለዋል። እየጨመረ ነው የሚነግርሽ። አሥራ አራት ካለሽ የሄድሽው አሥራ ሦስት ነው።"

"ሃያ ስምንት ሲለኝስ?"

"ሃያ ስድስት። ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ?"

በሁለት ደቂቃ አስተካከለው። እኔ ብስክሌቱን እየገፋሁ አሰላሁ... እማዬ በስምንት ደቂቃ የምትጨርሰው ሙሉ ኪሎሜትር አልነበረም። ሙሉውን ማራቶን በዚሁ አካሄዷ ብትሮጠው? ሦስቴ አሰላሁት። ስድስት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ተኩል። ሦስቴም ያው ነው። ያ ሁሉ ትርፍ ደቂቃ ከአየር የመጣ ነበር።

ጠራጊው እንደገና ይደርስባታል። በማን? በእኔ።

የካቲት 26

አልነግራትም። ቆጣሪው ተስተካክሏል። ከእንግዲህ እውነተኛውን ርቀት ይሮጣሉ፣ እግራቸው ሳያውቀው ይለምዳል። ማን ሊነቃ ነው? ማንም። ብልህ ነኝ።

የካቲት 30፣ እሑድ

ብልህ አይደለሁም።

ሠላሳ ኪሎሜትር፣ እውነተኛ ሠላሳ። መዞሪያው ላይ ጋሽ መምህር ዙሪያቸውን ቃኙ። "ዳኛዋ፣ ዛሬ የጡብ ፋብሪካውን አልፈናል ልበል?"

"ጎበዝ ሲኮን ሩቅ ይደረሳል፣ ጋሽ መምህር።"

"እሱስ ነው" አሉና ደረታቸውን ነፋ አድርገው ዞሩ።

እማዬ አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባት። የጠበቀችው አራት ሰዓት ነበር። ጋሽ መምህር አባዙ፤ ግን አላነበቡትም። እማዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደች። ስድስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ።

ተራዋ ሲደርስ፦ "የኔ ልምድ አጭር ነው። ሰው ሲለማመድ ይፈጥናል፣ እኔ እየዘገየሁ ነው። እግሬ አርጅቷል።"

ከአምስት ደቂቃዋ አራት ከሃምሳ ሴኮንድ ተረፈ። ሐኪሙ እንኳን ልጠቀምበት አላለም።

እኔም ዝም አልኩ። አፌ ውስጥ ስፒል ያለ ይመስል።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ጫማዋን አጠበች፣ አደረቀች፣ በጋዜጣ ጠቀለለች። "ለአክስትሽ አድርሺልኝ።"

አላደረስኩም። አልጋዬ ሥር ነው። ሱሪ ስታጥፍ፣ ካርታ እንደሚያይ ሰው ጉልበቷን ትክ ብላ ስታየው ያዝኳት። አርባ ሰባት ዓመት እርጅና ነው እንዴ? እስካሁን ነው እላት ነበር፣ ለቀልድ። አሁን እውነት ሲመስላት ደስ አይልም።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሁለቱ ብቻ ሮጡ። ሱቅ ገብተው ሲቀመጡ እማዬ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፣ ቀና አላለችም። እጄን አወጣሁ።

"አምስት ደቂቃ ይሰጠኝ።"

"ዳኛ ምን ልምድ አለው?" አለ ሐኪሙ።

"መጥፎ ልምድ።"

ነገርኳቸው። ጎማውን፣ ቆጣሪውን፣ አሥራ አራቱ አሥራ ሦስት መሆኑን። ካወቅሁ በኋላ ዝም ማለቴንም። እሱ ነበር ከባዱ... ጎማው ስህተት ነው፣ ዝምታው ግን የራሴ ነው። መሐል የገባ የለም። ደንብ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ሐኪሙ ነው። ስለ ራሱ። "ማለት... ባለፈው ወር በስልክ ለዘመድ አዝማድ ያወራሁት ሃያ ስምንት..."

"ሃያ ስድስት ነው፣ ጋሽ ዶክተር።"

አገጩን ያዘ፤ ጥርሱን እንዳመመው ሰው። ጋሽ መምህር ደግሞ በሳቅ ፈረሱ። "ሠላሳ አራት ዓመት የካርታ መለኪያ አስተምሬ፣ ሁለት ወር ሙሉ በተሳሳተ መለኪያ ስሮጥ አልነቃሁም። ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ።"

እማዬ መቀሷን አስቀመጠች።

"ስለዚህ እግሬ አይደለም።"

"አይደለም። ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነው የምትሮጪው። አልዘገየሽም።"

"ሳምንት ሙሉ እንዳረጀሁ ሳስብ ስከርም አየሽኝ?"

"አየሁሽ።"

የቆረጠችውን ጨርቅ ቀስ ብላ አጠፈች። ከዚህስ ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ፈልጋ አወጣች። "አራት ደቂቃ ነው የበዛው?"

"አራት። ጠራጊው እንዳይደርስብሽ ደግሞ ትንሽ ጨምሪበት።"

"ሰፊ ቀሚስ ሲጠበብ" አለች፣ ለእኛ ሳይሆን ለጨርቁ ይመስል፣ "ከአንድ ቦታ አይቆረጥም፣ ይበላሻል። ከየስፌቱ ትንሽ ትንሽ ይያዛል። አራት ደቂቃ ለአርባ ሁለት ኪሎሜትር ሲካፈል ስንት ነው?"

"ስድስት ሴኮንድ አይሞላም" አሉ ጋሽ መምህር።

"ስድስት ሴኮንድ..." አለች። "ጫማዬን ከአክስትሽ ተቀበይ።"

"አልጋዬ ሥር ነው።"

አየችኝ። "እንኳን አልታዘዝሽኝ። ለዚህ ለአንዱ ብቻ።"

መጋቢት 14፣ እሑድ

ሴኮንዶቹ የት እንደሚጠፉ ተገኘ። ውሃ ላይ ነው። እማዬ ውሃ ስትቀበል ትቆማለች፣ ታመሰግናለች፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ትመልሳለች፣ የሰጣትን ሰው የእናቱን ጤና ትጠይቃለች። መንገድ ላይ ውሃ የሚያጠጣን የግድቡ ጥበቃ ጋ ብቻ ሃያ ሁለት ሴኮንድ። ለካሁ፣ በትክክለኛ ሰዓት።

ስለዚህ ልምምድ፦ እኔ ውሃ ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ ነጥቃኝ ታልፋለች። ምንም ሰላምታ የለም። በመጀመሪያው ሙከራ ነጥቃኝ አለፈች፣ አሥር እርምጃ ሄደች፣ ተመልሳ መጥታ "ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ውሃ አልረጨሁብሽም?"

አራተኛው ላይ ተሳካ። "ባለጌ ሆንኩ" አለች። ደስ ብሏት ነበር።

መጋቢት 28፣ እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አርባኛው ኪሎሜትር ላይ ቆሜ ነበር፣ ብስክሌት ስለማይፈቀድ በእግሬ፣ በነጠላ ጫማ። ሐኪሙ መጣ። አንድ እግሩ ይሮጣል፣ ሌላኛው ይከተላል። "ዳኛዋ" አለኝ፣ "አለ። ግድግዳው አለ።" ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቆይተው ጋሽ መምህር አለፉ፣ እጃቸውን እንደ ሚኒስትር እያውለበለቡ።

ከዚያ ማንም የለም። ሰዓቴ አምስት ከአርባ ሲል እማዬ ብቅ አለች። ከኋላዋ፣ ብዙም ሳይርቅ... ጠራጊው። መብራቱን አብርቶ፣ ዝግ ብሎ።

ጎኗ ገባሁና አብሬ መሮጥ ጀመርኩ፣ በእግረኛ መንገዱ። ላበረታታት ነው። "ጎበዝ እማዬ፣ አይዞሽ እማዬ" እያልኩ። አልመለሰችልኝም፣ ትንፋሿን ትቆጥባለች። እኔ አልቆጠብኩም። ትንሽ ቆይቶ ጎኔን ወጋኝ። ከዚያ ነጠላ ጫማው ተበጠሰ። አንድ ኪሎሜትር እንኳን አልሞላሁም፣ በየትኛውም ጎማ ቢለካ። አርባ ኪሎሜትር የሮጠች የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ጥላኝ ሄደች።

ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለከልክ አውቶቡሱ አጠገቤ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

"ትገቢያለሽ?" አለ ሹፌሩ።

እኔን ነው።

ገባሁ። በፊት መስታወቱ የእማዬ ጀርባ ይታያል። ሹፌሩ አገጩን ወደሷ ቀሰረ። "እኚህን ሴትዮ ታያቸዋለሽ? ከሠላሳ አምስት ጀምሮ ደረስኩባቸው ስል ይሄዳሉ። ቅድም በሩን ከፍቼ ብጠራቸው ሰላምም አላሉኝም።"

"እናቴ ናት።"

"ይቅርታ" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ይሂዱልን እንግዲህ" አለ። ከኋላ የተቀመጡትም ስድስት ሰባት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ራሳቸው የተጠረጉ ሰዎች፣ "ሂጂ፣ ሂጂ" እያሉ።

መጨረሻው ሊታይ ሲል አውቶቡሱ በጎን መንገድ ታጠፈ። ሕጉ ነው። ወረድኩ፣ አንድ ጫማ በእጄ ይዤ አነከስኩ። ሰዓቱን ማቆም ረስቻለሁ፣ ዳኛዋ። ስደርስ እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ጥላ ቆመውላታል።

"አምስት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት" አለ ሐኪሙ። እሱን ማን ያምነዋል? ወደ ጋሽ መምህር ዞርኩ።

"ሃምሳ ስምንት፣ ከአርባ አንድ ሴኮንድ" አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ያለ ምክንያት ጠረጉት።

እማዬ ባዶ እግሬን አየች። "ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከጠራጊው ወርጄ።"

ሳቋ መንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ጎኗን ይዛ፣ ተዪኝ እያለች፣ እንደገና ሳቀች። ቀጥላ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ውሃ የሰጣትን ልጅ የእናቱን ጤና ጠየቀችው።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ልምድ ልውውጥ። እማዬ አምስት ደቂቃዋን ጨረሰች፣ አሥር ጨረሰች፣ አሁን ሃያ አንደኛው ላይ ነች። ሰዓት የያዘ የለም። ሐኪሙ አፉን ዘግቶ እየሰማ ነው፤ ይህንን ካላየሁ አላምንም ነበር።

ቅድም የእኔን ልምድ ጠይቀውኝ ነበር። "ስምንት መቶ ሜትር ከሮጡ በኋላ በአውቶቡስ ስለ መጓዝ" አሉ ጋሽ መምህር። ዳኛዋ የሚለኝም ቀርቷል። አዲሱን ስሜን ሐኪሙ ነው ያወጣው፣ የቆጣሪዬን ቂም በዚህ ተወጣ። ሦስቱም ተስማምተው የሚመጣው እሑድ ከእነሱ ጋር ሦስት ኪሎሜትር ትሮጣለች ብለው ወሰኑብኝ። ሦስት ምን አላት? ...ስምንት መቶውም ምን ነበራት።

ስለዚህ ከጨርቅ ጥቅሉ ኋላ ገብቼ እየጻፍኩ ነው። ከዚህ ሆኖ እማዬ ብቻ ነው የምትታየው። ወሬዋን አቆመች። ሰማያዊ የሩጫ ቁምጣ ጨርቅ ዘረጋች፣ የመለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ማንን ፈልጋ ነው የምትዟዟረው? የማንም ቁምጣ እኮ አልታ...

"ተሳፋሪዋ። አይቼሻለሁ። ደብተሩን አስቀምጪና ነይ ቁሚ፣ ወገብሽን ልለካ።"