ቀይ የሆነው ሐይቅ

ሐዋሳ፣ ኅዳር 1997 ዓ.ም.

ውድ ሮሆቦት፣

በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ፦ የሐዋሳ ሐይቅ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀይ ሆኗል። አትደንግጪ። የቀላው መዳፍ በምታክለው ማሽን ላይ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የቀላው የእኔ ፊት ነው።

ለዓሣ ጥበቃ ፕሮጀክታችን አሥር አዳዲስ የእጅ ኮምፒውተሮች መጡ። ማጥመድ የተፈቀደበትን በሰማያዊ፣ የተከለከለበትን በቀይ የሚያሳየውን ካርታሽን ጫንኩባቸውና ለሠራተኞቹ አደልኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተቆጣጣሪው ብዙአየሁ ከሐይቁ ዳር በሞተር ሳይክል እየበረረ መጣ።

«መክብብ፣ ሕጉ ተቀየረ እንዴ? ሐይቁ በሙሉ ቀይ፣ በሙሉ ክልክል! የተፈቀደው የዓሣ መራቢያው ብቻ ነው። አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?»

«ዛሬ ጾም ነው በላቸው።»

«አንተ ሰውዬ፣ በጾምማ ነው ዓሣ የሚሸጠው!»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን አውርደው «ቀለሙን ያመጣኸው አንተ አይደለህ? አስተካክለዋ!» አሉኝ።

እንዴት ብዬ? አንቺ ታውቂያለሽ። ያኔ ስክሪኑ ቀለም ያውቃል፤ ካርታውን የጻፍንበት ጃቫ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ከጥቁር፣ ከነጭና ከግራጫ ሌላ አይጠይቀውም ነበር። ሁለቱን የሚያግባባውን ኮድ ፒያሳ በነበረችው ጠባብ ቢሯችን አራት ወር ሙሉ ስንጽፍ ከረምን። ግማሹ የእኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ያ ግምገማ መጣ። አንቺ እናትሽን ልትሸኚ መናኸሪያ ሄደሻል። አቶ ግዛቸው «ይህን ቀለም ማን አመጣው? ለቡድን መሪነት ሰው እየፈለግን ነው» ሲሉ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስምሽን ልጠራ ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ከአፌ የወጣው ግን «እኔ ነኝ» የሚል ነው። በጭብጨባው መሃል በሩን ከፍተሽ ገባሽ። ምን እንደተባለ በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ባልደረባችንን ታቢታን በጆሮዋ ጠየቅሻት፤ ነገረችሽ። አየሽኝ። ከዚያ አንቺም አጨበጨብሽ።

ብትሰድቢኝ ኖሮ አንድ ግለ ሂስ አድርጌ እገላገል ነበር። አጨበጨብሽ፤ በወሩም ለማስተማር ዲላ ሄድሽ። ለእኔ የሚሽከረከር ወንበር ሰጡኝ። ያንቺ ጠረጴዛ ወዳለበት በኩል አንድም ቀን አላዞርኩትም።

ማክሰኞ ኮድሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍቼ አነበብኩት። መሃል ላይ በላቲን ፊደል ጽፈሽልኛል፦ «መክብብ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ቀዩና ሰማያዊው ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ይህችን ቁጥር ብቻ ቀይር። አትጨነቅ።» የጻፍሽበትን ቀን አየሁት። የጭብጨባው ማግስት ነው።

ቀየርኳት፤ ሐይቁም ሰማያዊ ሆነ። ለፊቴ ግን የምቀይረው ቁጥር አላገኘሁም።

አቶ ግዛቸው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ልጅቷ ለምን ዝም አለች?»

«ስትገባ ለእኔ እያጨበጨቡ ነበር፤ እርስዎም ጭምር» አልኳቸው።

ወንበሩን ለቅቄያለሁ፤ እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቅሻል። ባትመጪም ካርታው ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ስምሽ ነው፤ በሰማያዊ። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም። ለመዋሸት ግን እንዴት ደፋር ነበርኩ!

ያፈረው ጓደኛሽ፣
መክብብ

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ግማሹ የእኔ ነው» ተብሎ የተገለጸው ስህተት ነው። የጸሐፊው ድርሻ ባትሪ መሙላትና ለሮሆቦት ሻይ ማዘዝ ብቻ እንደነበረ፣ ሻዩንም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጠጣው እንደነበረ ታውቆ ይታረም።