የእማዬ ቁርስና የጣራው ቁራ

ለውድ ወንድም ጋሼ ኢላንጎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የሙስካት ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይ? የባለቤትህ የማላርስ ወገብ ተሻላት? እኛ፣ የእማዬን እልህ ካልቆጠርነው፣ ደህና ነን።

ስኳሯ የሚያስቸግረን ጠዋት ነው። ሐኪሙ ነጩን የሩዝ ኢድሊ ዳቦ ትተሽ የዳጉሳውን ብዪ፣ የኢንሱሊን መርፌሽን እንደተወጋሽ ደግሞ ሳትቆዪ ቁርስሽን ቅመሺ ብሏታል። የዳጉሳውን ሊጥ አሳድሬ፣ በእንፋሎት አብስዬ ባቀርብላት ምን አለች መሰለህ? «ይሄን ጥቁር ነገር አባትሽ ቢያይ ከነሳህኑ ይወረውረው ነበር!» ጎረቤታችን እትዬ ራጃቲ ደግሞ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን በረሃብ ልትጨርሻት ነው እንዴ?» እያሉ ጣፋጭ የሩዝ ገንፎ ያቀብሏታል። አንተም አላረፍክም፤ በየበዓሉ ካርቶን ሙሉ ቴምር ትልካለህ። ለስኳር በሽተኛ ቴምር! ኧረ በፈጠረህ!

ይሄ ሁሉ ይቻላል፤ ያቃተኝ ቁራው ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠፍጣፋው ጣራችን ላይ ታኖርና ቁራ መጥቶ ሳይበላላት እህል በአፏ አይዞርም። ለእሷ ያ ቁራ አባዬ ነው። እትዬ ራጃቲ ቁራው የሚያርፍበትን የኒም ዛፍ ካስቆረጡ ጀምሮ ግን ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ባለፈው ማክሰኞ መርፌዋን ተወግታ ጣራው ላይ ወጣች፤ ቁራው ቀረ። «ካ! ካ!» እያለች ስትጣራ ቆይታ ድምጿ ጠፋብኝ። ሮጬ ብወጣ ላብ አጥምቋት፣ ግድግዳ ተደግፋ ትንቀጠቀጣለች። ስሜን መጥራት አቃታት። ተወግታ ሳትበላ በመቆየቷ ስኳሯ ወርዶባት ነበርና ስኳር በጥብጬ በስንት ልመና አጠጣኋት። ነፍስ ስትዘራ የመጀመሪያ ቃሏ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ከአባትሽ በፊት አስቀመስሽኝ!» ተናደድኩ፤ ደግሞም አለቀስኩ። የምትሞትብኝ መስሎኝ ነበር፣ ወንድም ጋሼ።

በማግስቱ መርፌውን ቆለፍኩበት። «ቁራው ሳይበላ መርፌ የለም» አልኳትና የዳጉሳውን ኢድሊ በሙዝ ቅጠል ጣራ ላይ አኖርኩ። እትዬ ራጃቲ እየሳቁብኝ እኔው ራሴ «ካ! ካ!» ስል አረፈድኩ። በመጨረሻ መጣ፤ ፍርፋሪ እንኳ አላስቀረም።

«አየሽ? አባዬ ወዶታል! በይ ተወጊና ብዪ» አልኳት።

እማዬ ባዶውን ቅጠል ትክ ብላ አየችው። «ዕድሜ ልኬን ሳበስልለት አንዴ እንኳ ‹ጨው አነሰው› ሳይል በልቶልኝ አያውቅም። ያንቺን ይሄው ዝም ብሎ ጨረሰው» አለች። እየሳቀች እንባዋን ጠረገችና ቁጭ ብላ በላች። ከዚያ ወዲህ መርፌው የሚወጣው ከቁራው በኋላ ነው፤ ዳጉሳውንም እየተነጫነጨች ትበላለች።

ማላርን ሳምልኝ፣ ወገቧን ታሳርፍ። ትንሿን ካያልን ጉንጯን፣ ሴንቲልን ግንባሩን ሳምልኝ። እማዬ ሁላችሁንም ትመርቃለች። ቴምሩን አቁም ልልህ ብዕር ሳነሳ ግን «እንዳያስቀር በዪው፤ ለእኔ አይደለም፣ ለአባቱ ነው። የልጁን እጅ ሳይቀምስ ነው የሄደው» አለችኝ። ምን ልበላት? እንግዲህ ላክ፤ ግን አንዲት ፍሬ ብቻ።

እህትህ ታማራይ
ኩምባኮናም፣ ኅዳር 14 ቀን