ደረቴን ያልሽኝ ቀን

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ ሲጀመር እንደምን አለሽ ይባላል። እኔ ግን እንዴት እንዳለሽ ካርድሽ ላይ አንብቤያለሁ፤ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ ብጠይቅሽ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘግቻለሁ። በሦስተኛው "አንተ ቆጣሪ፣ ደግሞ የዝናብ ጠብታ መቁጠር ጀመርክ እንዴ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። እኔ አልሳቅሁም።

ለጎረቤት ሥራዬን ስታስረጂ "ወንድሜ በሽታ ይቆጥራል" ነው የምትይው፤ እውነትሽን ነው። ከየጤና ጣቢያው ካንሰር የተጠረጠረበት ሰው ካርድ ይመጣልኛል። ስም የለበትም። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ የሐኪሙ ጥርጣሬና ታማሚው በገዛ አፉ የተናገረው ብቻ ነው ያለበት። እኔ ካንሰሩ የቱ የሰውነት ክፍል ላይ እንደሆነ እያየሁ በኮድ አስገባለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ የትኛው እንደጨመረ፣ የትኛው እንደቀነሰ የሚያሳይ ግራፍ ይሠራል። የጡት ካንሰር መስመር ስድስት ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። "በአካባቢያችን ሴቶች ላይ ጭማሪ አልታየም" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አለቃችን ዓረፍተ ነገሯን ስለወደዳት በየዓመቱ እንዳለች ትገለበጥ ነበር።

ባለፈው ወር አዲስ ባልደረባ መጣችልን፤ ድሮ ነርስ ነበረች። "ደረት" ብዬ ያስገባሁትን የካርድ ክምር ስታገላብጥ ቆይታ ቀና አለችና፣ "ወንዶቹ የት ሄዱ?" አለችኝ።

ከሁለት መቶ አርባ ካርድ የወንድ አሥራ አንድ ብቻ ነበር። እሷ ምርመራ ክፍል ቆማ ስትሠራ ስንትና ስንት ሴት ጡቷን እያመማት አፍራ "ደረቴን" እንደምትል፣ ጸሐፊውም የሰማውን ብቻ ጽፎ እንደሚያሳልፍ ነገረችኝ።

ደነገጥኩ ብልሽ ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር እኮ፣ እታለም። በሁለተኛው ዓመት ነው ያየሁት። ለማጣራት ግን በየጤና ጣቢያው እየደወልኩ "ደረት ያላችሁት ጡት ለማለት ነው ወይ?" ማለት ነበረብኝ። አንድ ቀን ደወልኩ። ያነሱት በድምፃቸው እናታችንን የሚያክሉ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። "አቤት ልጄ" ሲሉኝ "ተሳስቼ ነው እማማ" ብዬ ዘጋሁት። ሪፖርት ላይ ሺህ ጊዜ የጻፍኩትን ቃል አንድ ጊዜ በአፌ ማውጣት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወልኩም፤ "ደረት" ያለውን ሁሉ ደረት ብዬ አስገባሁ።

ዓምና አንቺም ደወልሽልኝ። ስፌት ቤት ነበርሽ፤ ከኋላሽ የስፌት መኪናው ሲንቀጨቀጭ ይሰማኛል። "ደረቴ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር አለች" አልሽኝ። አንቺ መቼም ሁሉን በቁልፍ ነው የምትለኪው፤ ልጅ ሆኜ ጥርሴ ሲወልቅ እንኳ "የትራስ ጨርቅ ቁልፍ ታህላለች" ብለሽ አስቀሽኛል። እኔም ቀልደኛ ነኝ ብዬ፣ ስፌት ቤት የሚውል ሰው ላይ ቁልፍ ካልተገኘ ምን ይገኛል አልኩሽ። ብርድ ይሆናል፣ ትኩስ ነገር ጠጪ ብዬ አከልኩበት። ሳቅሽ። ከሳቅሽ በኋላ ግን ስልኩን ቶሎ አልዘጋሽም። ያኔ "የቱ ጋ ነው?" ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ከማንም በላይ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ እሱ ነውና።

በዚያው ሰሞን ከከተማ ከተማ እየዞረች ጡት የምትመረምረው መኪና የምትሄድበት ቦታ ሲመረጥ የኔ ግራፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እናንተ ከተማ ሲጠራ "እዚያማ ጭማሪ የለም" ተባለና መኪናዋ ወደ ሌላ ቦታ ተላከች። እኔም እዚያው ተቀምጬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ካርድሽን ያገኘሁት ከነርሷ ጋር ክምሩን እንደገና ስናይ ነው። "ዕድሜ አርባ ስድስት፣ ልብስ ሰፊ። ደረቴ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነበረች፣ አሁን የካፖርት ቁልፍ አክላለች።" ስም አላስፈለገኝም። ከሥሩ ከአምስት ወር በፊት በገዛ እጄ የሞላሁት አለ፤ "ደረት፣ ሌላ" ይላል። አንብቤሽ አልፌሻለሁ፣ እታለም። ምናልባት ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ ይሆናል።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ነው። ካርድሽን ባገኘሁ በሦስተኛው ቀን ደውለሽ፣ ሐኪሙ ለምን ዘገየሽ ብሎ እንደተቆጣሽ፣ አንቺም "ጥፋቱ የራሴ ነው" እንዳልሽው ነገርሽኝ። እኔ "አይዞሽ" አልኩሽ። ጥፋቱን አንቺው ተሸክመሽ እንድትቀሪ አይዞሽ ብዬ ሸኘሁሽ።

ትናንት በስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አለቃችን የዘንድሮውን ብቻ አስተካክለን ያለፈውን ብንተወው ይሻላል አለ። እንደሱ ከሆነ በሽታው ዘንድሮ በድንገት የመጣ ይመስላል፤ እነዚያ ሴቶች ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲናገሩ ነበር። እምቢ አልኩ። ስህተቱ የማን እንደሆነ ጽፌ ፈረምኩበት። አሁን መስመሯ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ሽቅብ ትወጣለች። ከሥራ ሊያስወጡኝ ይችሉ ይሆናል፤ ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም።

ሐሙስ ቀጠሮሽ ነው። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። ልታዪኝ ካልፈለግሽ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ቅር አይለኝም። ካስገባሽኝ ግን፣ ሐኪሙ ሲጠይቅሽ አፍረሽ "ደረቴን" ብትዪ፣ እኔ እናገርልሻለሁ። እስኪ እዚሁ ልለማመደው፦

እህቴ የታመመችው ጡቷን ነው። የዘገየችው እሷ አይደለችም፤ በጊዜው ነግራኝ ነበር።

በትክክል መቁጠር ያቃተው ታናሽሽ፣
ቆጣሪው