ሐሙስ ያልዘነበው ዝናብ

ቤሌም፣ ማርች 17 ቀን 2019

ለምወድሽና ላበገንሽኝ ልጄ ለጃሲራ፣

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እናንተስ በዚያ በቆፈናም ኩሪቲባ እንዴት ናችሁ?

የላክሽው ሠንጠረዥ ደርሶኛል። ጎረቤታችን ክሌውዛ በስልኳ ከፍታ አሳየችኝ። በየወሩ ስንት ቀን እንደሚዘንብ፣ ስንት ሚሊሜትር እንደሚወርድ፤ ቀዩ መጥፎ፣ ቢጫው መካከለኛ፣ አረንጓዴው ጥሩ። አረንጓዴ የሚባል ግን አንድም አላየሁበትም። ልጄ፣ የተወለድሽበትን ከተማ ሰማይ ለማወቅ ሠንጠረዥ አስፈለገሽ? እዚህ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ አንድ ሰዓት ያህል ያወርደውና ያባራል። በአያትሽም ዘመን እንዲሁ ነበር። እኔና አባትሽ የተጋባነው «ከዝናቡ በኋላ» ተብሎ በተቀጠረ ሰዓት ነው፤ አንድም እንግዳ አልዘገየም።

አምስት ዓመት ሙሉ የምትመጪበትን ቀን ስትመርጪ ኖርሽ። ማርች ይዘንባል አልሽ። ጁላይ ይሞቃል አልሽ። ኦክቶበር ለእመቤታችን በዓል ሕዝቡ ይበዛል፣ ልጄ ታይናራ ትረገጥብኛለች አልሽ። በዲሴምበር ደግሞ ዝናቡ እንደገና ይጀምራል። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዲፈጠርልሽ ነው የምትጠብቂው? «እማዬ፣ ልጅቷ ጉንፋን ይይዛታል» ትይኛለሽ። በልጅነትሽ ዝናብ በጣለ ቁጥር አሸንዳ ሥር ካልቆምኩ ብለሽ ታለቅሺ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም? የልጅ ልጄ ጨው አይደለች፣ አትሟሟም።

አሁን ነገሩን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። በስልክ «አባትሽ ትንሽ ይረሳል» ያልኩሽ ዋሽቼ ነው። ብዙ ይረሳል። አርባ ዓመት ጀልባ የነዳበት ወንዝ ስሙ ጠፍቶበታል። የወንድሙን ሞት በየሳምንቱ እንደ አዲስ ተረድቶ ሲያለቅስ ስላየሁ፣ አሁን ሲጠይቀኝ «ደህና ነው» እለዋለሁ። አንቺን ግን ያውቃል፣ በስምሽ ይጠራሻል። እኔም የምለምንሽ ሳይረሳሽ እንድትመጪ ብቻ ነው።

ጃንዋሪ ላይ አልበላም አለ። «ጃሲራ መቼ ነው የምትመጣው?» ይለኛል፣ ሳህኑን እየገፋ። ምን ልበለው? አፌ ላይ የመጣልኝን «ከዝናቡ በኋላ» አልኩት። ወዲያው ዓሣውን በካሳቫ ዱቄት በላ፣ የአሳኢ ፍሬ ጭማቂውን ጠጣ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ። ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ላይ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ሲመሽ ረስቶት ገባ። በማግስቱም ያንኑ አልኩት። አንዴ የሠራን ውሸት ማን ይተወዋል? ይኸው ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ሸሚዝ አጥባለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ጉድ ሆነ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝም አለፈ፣ ዝናብ የለም። በማርች ወር፣ አስቢው። ደመናው ተንጠልጥሎ ቀረ። የጥርስ ሐኪሟ ከዝናቡ በኋላ ነይ ያለቻት ክሌውዛ እንኳ ልሂድ ወይስ ልቅር እያለች በሯ ላይ ቆማለች። አባትሽም ምሳውን አልነካም።

«ብላ እንጂ፣ ቫልዶሚሮ።»

«ገና አልዘነበም።»

«ባይዘንብስ? አንተ ብላ።»

«ካልዘነበ እንዴት ትመጣለች? ያልሽው አንቺ አይደለሽ?»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ያኔ ደሜ ፈላ፤ በእሱ አይደለም፣ በአንቺና በሰማዩ ነው። ጓሮ ዞርኩና የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከቧንቧው ጋር ገጥሜ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ወንበር ላይ ወጥቼ የቆርቆሮ ጣሪያውን ማርከፍከፍ ያዝኩ።

ክሌውዛ በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አደረገች።

«እትዬ ኦስማሪና፣ ምን እየሆኑ ነው?»

«እየዘነብኩ ነው» አልኳት።

ልትስቅ ነበር፣ ግን ፊቴን አይታ ተወችው። ነገሩን ስነግራት የራሷን ጎማ ጎትታ አመጣችና በወዲያኛው በኩል አገዘችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል አዘነብንለት። ስገባ አባትሽን ዓሣውን ጨርሶ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ አገኘሁት። «ዛሬ ዘግይቶ ጣለ» አለኝ።

እስከዚህ ያለውን እንድትስቂ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ትናንት ግን እውነተኛው ዝናብ በሰዓቱ ጥሎ አባራ። አባትሽ እንደ ልማዱ ለባብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ማንን ነው የምንጠብቀው?»

«ጃሲራን ነዋ።»

«እሷ ደግሞ ማናት?»

ጃሲራ፣ እኔ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ታውቂኛለሽ።

«ልጃችን ናት» አልኩት።

«ደህና ልጅ ናት?»

«ደህና ናት። ዝናብ ብቻ ትፈራለች።»

ብድግ አለ። «ታዲያ ምን ትጎልቺኛለሽ? ጃንጥላ አምጪና እንቀበላት እንጂ» ብሎ ተቆጣኝ።

እጁን ይዤ ወጣሁ። እስከ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ በማንጎዎቹ ሥር ሄድን። እኔ በግራው ነበርኩ። እሱ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ራሱን እያረሰው፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ማንም በሌለበት በቀኙ በኩል ይዞ ሄደ። ስንመለስም እንደዚያው ይዞ ተመለሰ።

የናዝሬቷ እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ። ታይናራን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

እናትሽ ኦስማሪና