ስለ ሞተሩ ክልከላና ስለ እማዬ መምጣት

ይድረስ ለእትዬ የሻረግ፣ ድሬዳዋ።

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ከብርዱ አገር ተነስቶ እዚያ እሙቀቱ ድረስ ይግባልሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም እንጨት እንደዋጠ ሰው ነው የምትራመጂው? ባለቤትሽ ቡልቻስ እንዴት ነው፣ የባቡሩ ሥራ አልሰለቸውም? ልጆቹስ አደጉ? እማዬስ? የእማዬን ነገር በስተኋላ አመጣዋለሁ፤ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ መድረሻ እሷ ናት። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴን ገበያነሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ተነስታለች። እኔም ጤናዬ ደህና ነው፣ ድካም ግን አለብኝ። ድካም በሽታ አይደለም ብለሽ እንደምትቆጪኝ ስለማውቅ ከዚህ በላይ አላወራውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ አስገዶም ነው፤ በባቡሩ ላይ ፍሬን ያዥ የሆነው የቡልቻ ባልንጀራ። በፖስታ ብልከው ጣልያኖቹ ሳይከፍቱ ስለማይሰጡሽ እጅ በእጅ ይሻላል ብዬ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ክተቺው።

ባለፈው በሰው የላክሽብኝን አልረሳሁም። ወባው እማዬን እየተመላለሰ እንደሚጥላት፣ እግሯ አብጦ ከደጅ እስከ ጓሮ መሄድ እንዳቃታት፣ ሐኪሙም ደጋ ካልወጣች ክረምቱን አታልፍም እንዳለሽ ነግረሽኛል። ልላካት ወይ ብለሻል። ወዲያው ላኪያት ያላልኩት ልቤ ጨክኖ አይደለም። እንጀራዬ ሊቆረጥ ደርሶ ስለነበር ነው። አሁን ነገሩ ስለለየለት ልንገርሽ።

አርመኑ ጌታዬ በጦርነቱ ሰሞን አገር ጥሎ ሲሄድ የተወልኝን ሞተር ብስክሌት ታውቂዋለሽ። በጎኑ ባለ አንድ ጎማ ጋሪ የተገጠመለት፣ አንቺም ተቀምጠሽበት ነጠላሽ ጎማው ውስጥ ሊገባ ሲል የጮኽሽበት። የምኖረው በእሱ ነው። ለገሃር አጠገብ ካለው የግሪኩ ዳቦ ቤት ጠዋትና ማታ ጋሪውን ፓኞታ ዳቦ ሞልቼ፣ ለጣልያን ሹማምንት ወደ ተሠሩት አዳዲስ ቤቶች፣ ሰው ካዛንቺስ ማለት ወደ ጀመረው ሰፈር አደርሳለሁ። ዳቦው ሳይበርድ መድረስ አለበት። ከበረደ የሴቶቹ ቁጣ በግሪኩ ላይ፣ የግሪኩ ቁጣ በእኔ ላይ ነው። ሥራው ሌላ ጥበብ የለውም። ሞተር ከሌለኝ ግሪኩ አያሠራኝም፤ ሥራ ከሌለኝ ይህን የቂርቆሱን ቤት ለቅቄ ለመንገድ ሥራ ወደ ቆላ መውረዴ ነው። እማዬን የት ላስገባት ነበር?

በሚያዝያ ማለቂያ የሰፈሩ ሹም ሞተረኞቹን ሰበሰበንና የአገሬው ሰው በአስፋልት መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት እንዳይነዳ ሊከለከል ታስቧል አለን። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ ጩኸቱ ጌቶች ከምሳ በኋላ ሲተኙ ይረብሻቸዋል፣ ደግሞም አደጋ በዝቷል አለ። አደጋውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በለገሃሩ ቁልቁለት እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶችን የገጨው ካሚዮን ነው፤ ነጂውም ጣልያን ነው። ሞተር ብስክሌት በአካባቢው አልነበረም። ጋሽ ጉተማ ይህን ሰምተው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፣ አሉ። ሹሙ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የእሱም እንጀራ ነው፣ አልፈርድበትም።

ጋሽ ጉተማን አታውቂያቸውም። ከጦርነቱ በፊት የአንድ መኮንን ሾፌር ነበሩ፤ አሁን በሞተራቸው ወተት ያመላልሳሉ። ከሞተረኞቹ ሁሉ ሽማግሌው እሳቸው ናቸው። የተፈለገው አስፋልቱን ለቅቀን በየጓሮው እንድንሄድ ነው። ሰኔ ሲገባ የቂርቆስ ጓሮ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ፤ በቅሎ የሚሰምጥበትን ጭቃ ሞተር አይወጣውም። ደጋጋ የሚባለው ምላሰኛችን፣ ታዲያ ለሞተሬ ቦት ጫማ ላሰፋለት? ብሎ አሳቀን። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

ጋሽ ጉተማ ግን፣ ታስቧል ነው እንጂ ተቆርጧል አልተባለም፣ ሄደን አቤት እንበል አሉ። አባታችን በርስቱ ክርክር ጊዜ ድንጋይ ተሸክመው ከሹሙ ደጅ የቆሙትን ታስታውሻለሽ? ፀሐዩ አናታቸውን እየመታቸው፣ ሹሙ ወጥቶ አውርድ እስኪላቸው ድረስ። እኛም እንደዚያ ልናደርግ ተስማማን። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከእግርህ ሥር ነኝ፣ ስማኝ ማለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በምድር ላይ ይኖራል ብለን አላሰብንም። ስህተታችን ይኸው ነው።

ካዛንቺስ ላይ ለመንገዱ ከተከመረው ድንጋይ አንዳንድ አነሳን። ሞተሮቻችንን ከአጥሩ ሥር አቁመን፣ ድንጋዩን ማጅራታችን ላይ አድርገን፣ አንገታችንን ደፍተን ከጣልያኑ የመንገድ ሹም ቢሮ ፊት ተሰለፍን። ጋሽ ጉተማ ቃል እንዳትተነፍሱ ብለውን ስለነበር ማንም አልተነፈሰም። ዘበኞቹ ያዩት ግን ድንጋይ የያዘ ሐበሻ ነው። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ እጁን ኪሱ ከቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ እኛ ድንጋይ ይዘን ሄድን። ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ እንጂ ቀና ብዬ አላየሁም። ዓይኔ ያረፈው ከፊቴ በቆመው በደጋጋ ተረከዝ ላይ ነበር። በሹክሹክታ፣ ጋሼ፣ ልጣለው? ይላል። ጋሽ ጉተማም፣ ብትጥለው ወረወረ ይሉሃል፣ ያዘው፣ ይሉታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ያተረፈን ሃድጉ የሚባል የቢሮው አስተርጓሚ ነው፣ የሐማሴን ሰው። በበሩ ብቅ ብሎ ሲያየን ወዲያው ገባው። እጁን ዘርግቶ በጣልያንኛ እየጮኸ በእኛና በዘበኞቹ መካከል ገባ። ምን እንዳላቸው ቆይቶ ነገረን፤ እነዚህ ሰዎች ምሕረት እየለመኑ ነው፣ በአገራቸው የሚለመነው እንዲህ ነው ብሏቸው ኖሯል። ወደ እኛ ዞሮ ግን፣ እናንተ ደንቆሮዎች፣ ከመቼ ወዲህ ነው ፈረንጅ ይህ የገባው? አለን። ጋሽ ጉተማ፣ ታዲያ ምን ይዘን እንምጣ ልጄ? አሉት።

ኋላ የመንገድ ሹሙ ወጣ። ክፉ ፊት የለውም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው የሚመስለው። ሃድጉ ሲያስረዳው እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ ሳቅም አለ። ከዚያ፣ ድንጋይ መሸከም ከወደዱ ጥሩ ነው፣ እኔም ተሸካሚ አጥቻለሁ፣ አለ። እስኪመሽ ድረስ ከክምሩ ወደ መንገዱ ድንጋይ አመላለስን። የምንከለከልበትን መንገድ በገዛ ማጅራታችን ሠራነው ልልሽ ነበር፣ ነገር ማሳመር መስሎ ታየኝና ተውኩት። እንዲያው ተሸከምን። ጋሽ ጉተማ መካከል ላይ ደክሟቸው ተቀመጡ፤ ዘበኛው አይቶ ፊቱን አዞረ። የማታውን ዳቦ ሳላደርስ ስለቀረሁ በማግስቱ ግሪኩ የት ነበርክ አለኝ። መንገድ ስሠራ አልኩት። አላመነኝም።

ባለፈው ሳምንት ውሳኔው መጣ፤ ተከለከለ። የአገሬው ሰው በአስፋልት ላይ ሞተር ብስክሌት አስነስቶ ቢገኝ ሞተሩ ይወረሳል። የለመንነው ሁሉ ውጤቱ ይህ ነው። ደጋጋ ሞተሩን ለአንድ ጣልያን መካኒክ ትቶ ወደ ጅማ መንገድ ሥራ ወረደ። ቦት ጫማ እዚያ ይሰጡኛል እያለ ነው የሄደው። ጋሽ ጉተማ ግን ሃድጉን መንገድ ላይ ጠብቀው፣ ባላስነሳውስ? ብገፋውስ? ብለው ጠየቁት። ገብቶ ጠይቆ ወጣና፣ የሚገፋ ሰው እግረኛ ነው ብለዋል፣ እግረኛ አልተከለከለም አላቸው።

ስለዚህ እየገፋን ነው። ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ያለው ዳገት ጋሪ ሙሉ ዳቦ ይዘውት ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። ሞተሩ ለመነዳት እንጂ ለመገፋት አልተሠራ፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ወደ ኋላ ይስባል። ድሮ ከምነሳበት እጅግ ቀድሜ እነሳለሁ። ገበያነሽ የሰጠችኝን አሮጌ ጋቢ ዳቦው ላይ ስለምደርብበት ለብ እንዳለ ይደርሳል። አንዳንዷ ሴት ትቆጣለች፣ አንዳንዷ ዝም ብላ ትቀበላለች። ግሪኩ እስካሁን አላባረረኝም፤ እየገፋ የሚያደርስለት ሌላ ሞኝ ከየት ያመጣል? ጋሽ ጉተማ ወተታቸውን እየገፉ ሲያገኙኝ፣ ፍቅሬ፣ ቤንዚን አለቀብህ? ይሉኛል። እርስዎስ ጋሼ? እላቸዋለሁ። እኔማ ሞልቶኛል፣ ለክፉ ቀን እያስቀመጥኩት ነው ይላሉ። በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ እንባባላለን።

እንዲህ እያልኩ እስከ መቼ እንደምዘልቅ አላውቅም። የእኔም ወገብ ያንቺን ሊመስል ነው። ግን ሥራው እስካሁን አለ፣ ቤቱም አለ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ደፍኜዋለሁ። ገበያነሽ አልጋውን ለእማዬ ለቅቀን እኛ መሬት እንተኛለን ብላ ወስናለች፤ እኔን አላማከረችኝም።

እማዬን ላኪያት። አስገዶም በሚመለስበት ባቡር ይዟት ሊመጣ ተነጋግረናል፤ ሐምሌ ሳይገባ ይሁን። እግሯን አታስቢ። ከለገሃር እስከ ቂርቆስ ዳገቱ ያን ያህል አይደለም። ጋሪው ውስጥ አስቀምጬ፣ ያንኑ ጋቢ አልብሼ፣ እየገፋሁ ወደ ቤት አመጣታለሁ። ከዳቦው አትከብድም።

ቡልቻን በርታ በይልኝ። ማሚትን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ መነን ትልቅ ሴት ሆናለች አሉ፣ ለእሷ እጅ ነስቻለሁ። ጎረቤትሽን ዙለይካን ደግሞ፣ እማዬን እንደ እናቷ ስታስታምም መክረሟን ሰምተናል፣ ውለታዋን አላህ ይክፈላት በያት። ገበያነሽ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ የእማዬን ወፍራም ቀሚስ እንዳትረሺ ብላለች።

ለእማዬ ስለ ክልከላው ምንም አትንገሪያት። ሞተሩ ዛሬ ለምን አይጮኽም ብላ ከጠየቀችኝ፣ ጌቶች ተኝተዋል እላታለሁ።

ወንድምሽ ፍቅሬ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.