የአውድማው ፎቶግራፍ

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለምንትዋብ፣ ሮም።

ለሰፊው ሕዝብ እንዲታወቅ፦ የአያትሽ የመጨረሻ የፊት ጥርስ ባለፈው ማክሰኞ በክብር ጡረታ ወጥቷል! አንቺስ እንደምን አለሽልኝ? መድኃኔዓለም ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ «ብርድ እንዳይመታሽ» ትላለች።

እሑድ ጠዋት ቀበሌ ሰብስቦን ነበር። ካድሬው ከአውሮፕላን ላይ የተነሣ ትልቅ ፎቶግራፍ ሰቀለ። ወዲያው ለየሁት፤ ወሎ፣ እኔ የተወለድሁበት፣ እህቴ የሻሽወርቅ ዛሬም ያለችበት መንደር ነው። «እነዚህ ክብ ክብ ነገሮች የወንበዴ መድፍ መትከያ ናቸው፤ መንደሩ በአውሮፕላን የተደበደበውም ለዚህ ነው» አለን።

ምንትዬ፣ አውድማ እኮ ነው! በጥር ወር እህል የማይወቃበት መንደር የት አለ? በዚያው አውድማ ላይ በሬ እየነዳሁ ነው ያደግሁት። ክብ ሁሉ መድፍ ከሆነ የእናትሽ ሰፌድም ይደብደባ! ብድግ ብዬ «ጓድ፣ ይህ መድፍ ገለባ ነው የሚተፋው?» አልሁት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም ፎቶውን ዘቅዝቆ አየው።

የእህቴ ወሬ እስከ ዛሬ የለም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም።

ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁት እዚህ ከፍተው እንዳያነቡት ነው። እዚያ አፍ የሚለጉም የለምና፣ ለሚሰማሽ ሁሉ «አውድማ ነው» ብለሽ ንገሪልኝ። ከዕድሜዬ ቀንሶ ይጨምርልሽ፤ ቃልሽን የሚሰማ ጆሮ ይስጥሽ።

ጥርሴ መውለቁ እውነት ነው፤ ፎቶውም እውነት ነው። ብድግ ብዬ ተናገርሁ ያልሁሽን ግን ፈጥሬ ነው። እኔም ከሰዉ ጋር አጨበጨብሁ።

አያትሽ ገብረየስ